ከ5 ኮከብ 4፦ በእርግዝናዬና በአራስነቴ ከምግብ ጋር ሊያስታርቀኝ የሞከረው ክሊኒክ

መጀመሪያ አንድ ነገር ልናገር። እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ኪሎዬን አታገኙም። ስንት እንደነበርኩ፣ ስንት እንደጨመርኩ፣ ስንት እንደቀነስኩ አልጽፍም። እንደ እኔ ያለች ሴት ይህን ካነበበች ከሁሉ ቀድማ የምትፈልገው ቁጥሩን ነው። ካገኘችው ደግሞ ከራሷ ጋር ታስተያየዋለች። አውቀዋለሁ፤ እኔም ለዓመታት ሳደርገው ኖሬያለሁ።

የምጽፈው ስለ አንድ ክሊኒክ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ ካለው ቤታችን በመኪና 25 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ስሙን አልጠራም። የማማርርበት ነገር አለኝ፤ የእኛ ሰው ደግሞ እዚህ አካባቢ ብዙ ይምሰል እንጂ ሁሉም ይተዋወቃል። ሥራቸው የአመጋገብ መታወክ ያለባቸውን ሰዎች ማከም ነው። ለነፍሰ ጡሮችና ለአራሶች ለብቻው የተዘጋጀ ፕሮግራም አላቸው። በሳምንት አንድ ቀን የሥነ ምግብ ባለሙያ፣ አንድ ቀን ደግሞ ቴራፒስት። አብዛኛው በቪዲዮ ነው። እኔ ከ6ኛው ወር እርግዝናዬ ጀምሬ ልጄ 7 ወር እስኪሞላት ተከታትያለሁ።

በሽታዬ ቡሊሚያ ይባላል። ሆድ እስኪፈነዳ መብላት፣ ከዚያ ሆን ብሎ ማውጣት፣ ከዚያ ማፈር፣ ከዚያ ምግብ መተው፣ ከዚያ ርቦ እንደገና እንደዚያው መብላት። ባሕር ዳር ተማሪ ሳለሁ ነው የጀመረኝ። "ጨጓራ ነው" እል ነበር። ጨጓራ አለብኝ ያለ ሰው አገራችን ውስጥ ማንም ሁለተኛ አይጠይቀውም። ተልባ ጠጪ ይሉሻል፣ አለቀ።

ስፀንስ ውሸቱ የባሰ ቀለለኝ። ነፍሰ ጡር ብታስመልስ ማን ይደነግጣል? ባለቤቴ ሎሚ እየቆረጠ መታጠቢያ ቤቱ በር ላይ ይቆማል። "አይዞሽ፣ ያልፋል" ይለኛል። እውነተኛው ማቅለሽለሽ 4ኛው ወር ላይ ለቀቀኝ። ሎሚው ግን መምጣቱን ቀጠለ፤ እኔም መቀበሌን።

ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ። 2016 ዓ.ም. መጋቢት 2 ነበር የገባው። ለንስሐ አባቴ ደወልኩ። "ልጄ፣ አንቺ አሁን ሁለት ነፍስ ነሽ፤ ጾሙ ይቅርብሽ፣ ጸሎትሽን አትተዪ" አሉኝ። "እሺ አባ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ለባለቤቴ ግን "እስከ 9 ሰዓት ጹሚ አሉኝ" አልኩት። በካህን ስም ዋሸሁ። እስካሁን ከሠራሁት ሁሉ የሚቆጠቁጠኝ ይህ ነው። 55 ቀን ሙሉ ላለመብላት የተከበረ ምክንያት አገኘሁ፤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ ሰው "በርቺ" እያለኝ።

የያዘችኝ ማን መሰለቻችሁ? የጥርስ ሐኪም። በየወሩ ሚዛን ላይ የሚያወጣኝ የወሊድ ሐኪም ቤት አይደለም። ጥርሴን ለማሳጠብ ሄጄ አፌን ከፍቼ ተኝቻለሁ። የላይኞቹን ጥርሶቼን ጀርባ በትንሿ መስታወት አየች። እንደገና አየች። "ብዙ ጊዜ ያስመልስሻል?" አለችኝ። "ነፍሰ ጡር ነኝ" አልኳት። "ከእርግዝናው በፊትስ?" አለች። ይህችን ሁለተኛዋን ጥያቄ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም ነበር። የጨጓራ አሲድ ጥርስን የሚበላው ቀስ ብሎ ነው፤ የእኔ የ5 ወር ጉዳት እንዳልሆነ ገብቷታል። አላፋጠጠችኝም። ካስመለሰኝ በኋላ ወዲያው እንዳልቦርሽ፣ በውሃ ብቻ እንድጉመጠመጥ ነገረችኝ። ከዚያ የዚህን ክሊኒክ ስልክ ቢጫ ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ 3 ሳምንት ይዤው ዞርኩ።

አሁን ወደ ክሊኒኩ።

የመጀመሪያው ስልክ አበሳ ነበር። ለሥራ የሚሆን እንግሊዝኛ አለኝ፤ ለዚህ ነገር የሚሆን ግን የለኝም። አስተርጓሚ ጠየቅኩ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት ሁሉ አስተርጓሚ በነፃ የማቅረብ ግዴታ ስላለበት አትፈሩ፣ ጠይቁ። በስልክ የገቡት ሰውዬ ድምፃቸው አባቴን ይመስላል። ነርሷ ጠየቀች። እሳቸው ወደ አማርኛ መለሱት፦ "የምግብ አለመፈጨት ችግር የጀመረሽ መቼ ነው?"

በሩ ተከፈተልኝ ማለት ነው። "አይ፣ እኔ ይፈጭልኛል" ብዬ ዘግቼ መተኛት እችል ነበር። ትንሽ ዝም አልኩና "እሱ አይደለም ያለችው" አልኳቸው።

ቀጥሎ የአመጋገብ መታወክ መኖሩን የሚጠቁሙ 5 ጥያቄዎች አሉ። እንግሊዝ ውስጥ በ1999 (በፈረንጆቹ) የወጡ ናቸው፤ ሁለቱን "አዎ" ካልሽ ጠለቅ ብለው ይመረምሩሻል። የመጀመሪያው ሆን ብለሽ እንዲያስመልስሽ ታደርጊ እንደሆነ ነው የሚጠይቀው። ሰውዬው "ያስመልስሻል ወይ?" ብለው አሳጠሩት። በእሳቸው አልፈርድም፤ ቋንቋችን ራሱ እንዲህ ነው። አስመለሰኝ እንላለን እንጂ አስመለስኩ የሚል ሰው የለም። አስመለስኩ ካልሽ ያበደርሽውን ብር ነው የሚመስለው። ነገሩ በሰው ላይ የሚደርስ እንጂ ሰው በገዛ እጁ የሚያደርገው አይመስልም። እኔ እዚያች ሰዋስው ውስጥ ተደብቄ 10 ዓመት ቆይቻለሁ። 4ቱን "አዎ" አልኩ። በሚቀጥለው ጊዜ ሴት አስተርጓሚ እንድትሆን ጠየቅኩ፤ አደረጉልኝ። ከዚያ በኋላ አንድም ጊዜ አላጎደሉም። እዚህ ላይ ሙሉ ነጥብ።

በአካል የሄድኩት ለመመዘን ነው። ይህን ጠበቅ አድርጌ ልንገራችሁ፤ ያቆየኝ ይህ ነውና። ነርሷ ጫማዬን አስወለቀችኝ። ሚዛኑ ላይ ልወጣ ስል "ዙሪ" አለችኝ። አልገባኝም። በእጇ አሳየችኝ፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው፣ ጀርባዬን ወደ ቁጥሩ። ግድግዳው ላይ የሐይቅ ፎቶ ያለበት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። እሱን እያየሁ ቆምኩ። ከኋላዬ እስክሪብቶ ወረቀት ላይ ሲንቀሳቀስ ሰማሁ። "ጨረስን፣ ውረጂ" አለች። ቁጥሩን አልነገረችኝም። ፊቷም ላይ ምንም የለም፤ አየሁት እኮ፣ ፊቷን አንብቤ ለመገመት ሞክሬያለሁ። ከ19 ዓመቴ ጀምሮ ቁጥሩን ሳላውቅ ከሚዛን የወረድኩት ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። መኪና ውስጥ ገብቼ አለቀስኩ። የደስታ ይሁን የንዴት እስካሁን አላውቅም።

በዚያው ሳምንት ወሊድ ሐኪሜ ጋር ደግሞ ሌላ ቀጠሮ ነበረኝ። ክሊኒኩ አስቀድሞ ደብዳቤ ልኮላቸዋል፤ ጀርባዋን ሰጥታ ትመዘን የሚል። እዚያ ያለችው ልጅ አላነበበችውም። አወጣችኝና ቁጥሩን ለኮሪደሩ ሁሉ በሚሰማ ድምፅ ጠራችው። በሌላ ጊዜ ደግሞ ጀርባዬን ሰጥቼ ተመዘንኩ፤ ማታ ግን ስልኬ ላይ ያለው የሐኪም ቤቱ አፕ ቁጥሩን ከነግራፉ ላከልኝ። ለክሊኒኩ ስነግራቸው አልተገረሙም። የአፑን ማሳወቂያ የሚዘጋበትን ቦታ ጠቋቁመው አሳዩኝ። የምርመራ ወረቀቱን ደግሞ ባለቤቴ እንዲቀበልልኝ ተስማማን። ቀላል ነገር ነው፤ ብቻዬን ግን አላስበውም ነበር።

የሥነ ምግብ ባለሙያዋ ወጣት አሜሪካዊት ናት። መጀመሪያ የላከችልኝ ወረቀት አናደደኝ። ኪኗ፣ ሁሙስ፣ የግሪክ እርጎ፣ የለውዝ ቅቤ። እንጀራ የለም። ሽሮ የለም። "ይህን የሚበላ እኔ ቤት የለም" አልኳት። አልተከፋችም። "የምትበዪውን አሳዪኝ" አለች። ስልኬን ይዤ ወጥ ቤት ገባሁ። ሞሰቡን ከፈትኩ፣ የምስር ወጡን ድስት አሳየኋት፣ ጎመኑን አሳየኋት። ጠየቀችኝ፣ ጻፈች። በሚቀጥለው ሳምንት ቪዲዮው ሲከፈት ጠረጴዛዋ ላይ በያይነቱ አለ። ከአንድ የሐበሻ ምግብ ቤት አዝዛ ነው። በግራ እጇ እየበላች "እንዲህ ነው?" አለችኝ። ግራ እጅ መሆኑን ልነግራት ፈለግኩና ተውኩት።

አዲሱ ወረቀት ቁርስ፣ መክሰስ፣ ምሳ፣ መክሰስ፣ እራት፣ መክሰስ ይላል። በየ3 ሰዓቱ ገደማ ማለት ነው። ምክንያቱን አስረዳችኝ። ቀኑን ሙሉ ተርቦ የዋለ ሰውነት ማታ ላይ ራሱን መቆጣጠር አይችልም። እኔ "ሆዳም ነኝ" ብዬ የምሰድበው ነገር ግማሹ ረሃብ ነው። አንድ ጊዜ እንኳ ካሎሪ የሚል ቃል አልሰማሁባትም።

ስለ ጾሙ አንድም ቀን "ሃይማኖትሽን ተዪ" አላለችም። "የፈቀደልሽ ማነው?" ብቻ አለች። አስተርጓሚዋ ስትተረጉም ድምፅዋ ትንሽ ቀነሰ፤ የእምነታችን ሰው ሳትሆን አትቀርም። እዚያ ነው እውነቱን የተናገርኩት። ማታ ለባለቤቴም ነገርኩት። ተቆጥቶ ይሆን ብዬ ስጠብቅ ሎሚውን ከጠረጴዛ ላይ አንስቶ ፍሪጅ ውስጥ ከተተው። በማግስቱ ረቡዕ ነበር። እንቁላል ጠበሰልኝ። በጾም፣ በዚያ ላይ ረቡዕ! አንዷን ጉርሻ ምን ያህል እንዳኘክኋት እኔ ነኝ የማውቀው። እሱ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብሎ ስልኩን የሚያይ መሰለ፤ ስልኩ ግን ጠፍቶ ነበር።

እስከ ወሊድ ድረስ ደህና ሰነበትኩ። ቴራፒስቷ አስቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር። ብዙ ሴቶች ለልጃቸው ብለው በእርግዝናው ጊዜ ይሻላቸዋል፤ ከወሊድ በኋላ ግን ይመለስባቸዋል አለችኝ። "እኔ አይመለስብኝም" አልኳት። እሷም ማስታወሻዋ ላይ የሆነ ነገር ጻፈች።

እማዬ በሰኔ መጣች። ሻንጣዋ በሶ፣ በርበሬ፣ ሽሮና የአጥሚት እህል ነው፤ የራሷ ልብስ ሁለት ቀሚስ። በሐምሌ ልጄን ወለድኩ። ገንፎው ጀመረ። አራስ የተኛ ያውቀዋል። መሐሉ ተጎድጉዶ ቅቤው ይንቦገቦጋል፣ በርበሬው ዙሪያውን። እማዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ማንኪያውን ከገንፎው ወደ አፌ በዓይኗ ትከተለዋለች። "ብዪ ልጄ፣ ወገብሽ ባዶ ነው። ጡትሽ እንዲወርድ።" አንድ ሰሃን ስጨርስ ደስ ይላትና ሁለተኛ ትጨምራለች። ጠያቂው ይመጣል። "እንኳን ማርያም ማረችሽ!" ይላል። ቀጥሎ ዓይኑ ሆዴ ላይ ነው። አንዷ "ተስማምቶሻል፣ ወፈርሽ!" ትላለች፤ በእኛ ምርቃት ነው መቼም። ሌላዋ "ሆድሽን አላሰርሽውም እንዴ? ቶሎ ካልታሰረ አይገባም" ትላለች። ሁለቱም ወደውኝ ነው። 3ኛው ሳምንት ላይ ተመለሰብኝ። ሻወሩን ከፍቼ፣ ውሃው እየጮኸ።

እማዬ ሰማች። በሩ ላይ ቆማ "ምች መታሽ እንዴ?" አለችኝ።

በሚቀጥለው የቪዲዮ ቀጠሮ እሷም እንድትገባ ጠየቁኝ። እምቢ አልኩ። ሁለት ሳምንት ቆይቼ እሺ አልኩ። እማዬ ነጠላዋን አስተካክላ ከስልኩ ፊት ተቀመጠች፤ ፎቶ የምትነሳ ነው የመሰላት። ባለሙያዋ ስለ እኔ አልጀመረችም። "ገንፎው እንዴት ነው የሚሠራው?" ብላ ጀመረች። እማዬ ተነሳሳች። ውሃው ሲፈላ፣ ዱቄቱ ጠብ ጠብ ሲል፣ ማማሰያው ሲዞር፣ ጓጉል እንዳይኖረው... አስተርጓሚዋ "ጓጉል" ላይ ደርሳ ቆመች። ሦስታችንም ሳቅን። ባለሙያዋ ምን እንዳሳቀን ሳታውቅ አብራ ሳቀች።

ከዚያ ቀስ ብላ ነገረቻት። በሽታው ምን እንደሚባል፣ የቅብጠት እንዳልሆነ፣ ምግቡን የመጥላትም እንዳልሆነ። እማዬ ብዙ ጊዜ ዝም አለች። አስተርጓሚዋ "ይሰማል?" አለች። "ይሰማል" አለች እማዬ። ከዚያ ወደ እኔ ሳትዞር፣ ስልኩን እያየች፣ "እኔ እኮ ገንፎዬን ጠልታው መስሎኝ ነበር" አለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ደንቡ ተቀየረ። ገንፎው በትንሽ ሳህን ይቀርባል፤ እማዬም ከእኔ ጋር ትበላለች፤ ቆማ አታይም። "ጨርሺ" የሚል ቃል የለም። ባለሙያዋ ከምግብ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት አደገኛ ስለሆነ ብቻዬን እንዳልሆን አዘዘች። "በዚያ ሰዓት ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ?" ስትል እማዬ ቀበል አድርጋ "ቡና ነዋ!" አለች። ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ፈልቶ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ከአንድ ሰዓት ያልፋል እንኳን ሊያንስ። እኔ ስለማጠባ አቦሏን ብቻ እቀምሳለሁ፤ የቀረውን ተቀምጬ አወራለሁ። ክሊኒኩ ለዚህ የራሱ ስም አለው፤ ከአያቴ በፊት የነበረ ነገር መሆኑን ግን ነግሬያቸዋለሁ።

አንድ ነገር ሳልረሳ። ልጄን 2 ወሯ ላይ ሕፃናት ሐኪም ጋር ስወስዳት ወረቀት ሰጡኝ፤ የኤዲንብራ መጠይቅ የሚባለው፣ ከወሊድ በኋላ ለሚመጣ ድብርት ነው። 10 ጥያቄ አለው፣ በ1987 (አሁንም በፈረንጆቹ) የወጣ ነው፤ የአማርኛ ትርጉምም አለው። ጥሩ መጠይቅ ነው። ስለ ማልቀስ ይጠይቃል፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ እንቅልፍ፣ ራስን ስለመጉዳት። ስለ ምግብ ግን አንድም ጥያቄ የለውም። እኔ ሻወር ከፍቼ እየዋልኩ ዝቅተኛ ነጥብ አምጥቼ "ደህና ነሽ" ተብዬ ወጣሁ። ስለዚህ በዚያ ወረቀት ብቻ አትተማመኑ። ካልጠየቋችሁ እናንተው ንገሯቸው።

አሁን ቅሬታዬ። ዋጋው። ኢንሹራንስ አለን፤ ቢሆንም በየቀጠሮው 40 ዶላር ከኪስ ይወጣል። በሳምንት ሁለቴ ሲሆን በወር ከ300 ዶላር በላይ ነው። ለዳይፐር የሚሆን ብር ነው። ከ20 ቀጠሮ በኋላ ኢንሹራንሱ ተጨማሪ ደብዳቤ ፈለገ። የክሊኒኩ ሒሳብ ክፍል ደብዳቤውን ለመላክ 3 ሳምንት ፈጀ። ያ 3 ሳምንት በአራስነቴ መሐል ነው የወደቀው። ኢሜይል ስልክ፣ ኢሜይል ስልክ። ሐኪሞቹ ወርቅ ናቸው፤ ቢሮው ግን ራሱ ሐኪም ያስፈልገዋል።

ሌላው የክሊኒኩ የራሱ አፕ ነው። የሚበላውን ፎቶ አንሺና ላኪ ይላል። ስትልኪ ስክሪኑ ላይ ቀለም ቀለም ወረቀት ይበተናል፤ ልክ ሎተሪ እንደደረሰሽ። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው። ሰዓቱ ሲደርስ ይጮሃል። አንድ ቀን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን፣ ሰው ሁሉ አቀርቅሮ፣ ስልኬ ደስ የሚል ደወል ደወለ። ባለቤቴ በክርኑ ጎሰመኝ። ፎቶ ማንሳቱ ደግሞ አንዳንድ ቀን ራሱ በሽታውን ቀሰቀሰብኝ። ስነግራቸው ፎቶውን አስቀርተው ደወሉን ብቻ ተዉልኝ።

ለማን ይሆናል? ወጥታ ለምትገባ፣ ቤቷ የሚደግፋት ሰው ላላት ይሆናል። ራሷን ለምትስት፣ ልቧ ለሚዘል ወይም ደም ለምታስመልስ ግን ይህ ቦታ አይደለም፤ ቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ነው። ከየት እንደምትጀምር የማታውቅ አሜሪካ ያለች ነፍሰ ጡር ወይም አራስ 1-833-852-6262 ትደውል። ለእናቶች የአእምሮ ጤና የተቋቋመ የመንግሥት መስመር ነው፤ ነፃ ነው፣ 24 ሰዓት ይሠራል፣ አስተርጓሚም ያገናኛሉ። አስተርጓሚው ሲገባ መጀመሪያ ይህን በሉት፦ "የምግብ አለመፈጨት አይደለም። ራሴው ነኝ የማደርገው።"

ድኛለሁ ወይ? ባለፈው ወር ሁለት ጊዜ አምልጦኛል። ድሮ በቀን ሁለት ጊዜ ነበር። እማዬ ከክርስትናው በኋላ ተመልሳለች፤ በቪዲዮ ስትደውል "በላሽ?" ትል የነበረችው አሁን "ቡና ጠጣችሁ?" ትላለች።

4 ኮከብ ሰጥቻለሁ። አንዷን የወሰደባቸው ሒሳብ ክፍሉ ነው። በአፑ ምክንያት ግማሽ ልቀንስ ነበር። ከጨረስኩ 4 ወር ሆኖኛል፤ አሁንም በየቀኑ 9 ሰዓት ላይ ለመክሰስ ይጮሃል። አላጠፋሁትም።